የዓባይ በረሃ መንገድ ለምን ይሰምጣል?

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው ክፍል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዳሩ ግን ይህች አጭር መንገድ ተሳፋሪውን ሁሉ ታነጋግራለች። አስፋልቱ ታድሶ ብዙ ክረምት ሳያልፍ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ጠርዙም ወደ ገደሉ ያዘነብላል። አውቶቡስ ውስጥ «ሥራው የይድረስ ይድረስ ነው» ሲባል እንሰማለን። እኛ ግን ነገሩን ከጂኦግራፊ ትምህርታችን ጋር ስናገናዝበው በአስፋልቱ ብቻ የሚመካኝ አይደለም እንላለን።

በመጀመሪያ ቁልቁለቱን እንመልከት። ጎሃ ጽዮን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ወንዙ የሚፈስሰው ከ1,100 ሜትር በታች ነው። መኪናው በ20 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ 1,400 ሜትር ግድም ወረደ ማለት ነው፤ በየመቶ ሜትሩ 7 ሜትር። የአየሩ ሙቀት በየ100 ሜትር ቁልቁለት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ስለሚጨምር ልዩነቱ ከ8 ዲግሪ ይበልጣል። ላይ «መስኮት አይከፈት!» ብሎ የሚጣላው ተሳፋሪ እንኳ ታች ሲደርስ ዝም ይላል። የጤፉና የስንዴው ሜዳ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ፍልቅልቅን አልፈን ስንወርድ፣ ማሽላውና ግራሩ ይተካል።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንምጣ። መንገዱ ገደሉን እየቆረጠ ስለሚወርድ ዋና ዋናዎቹ ንብርብሮች በተራ ይታያሉ። ከላይ ያለው ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት ነው። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩን ባሕር ሸፍኖት ሳለ የተከማቸ ስለሆነ የባሕር እንስሳት ቅሪት ይገኝበታል። ቀጥሎ ጂፕሰምና ሸክላማ ድንጋይ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። የሥነ ምድር ሊቃውንት ይህንኑ በከተማይቱ ስም የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን ብለውታል። ከሁሉም በታች አሸዋ ድንጋይ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከውሃ ነው። የክረምቱ ዝናብ በተሰነጣጠቀው ባዛልት ውስጥ ይሰርጋል፤ ከላይ ተንዶ ገደሉ ላይ የተከመረውን አፈርና ድንጋይም ያርሳል። ወደ ታች ሲወርድ ግን ውሃ የማያሳልፍ ሸክላማ ንብርብር ያግደዋል። እዚያ የተጠራቀመው ውሃ ክምሩን ያከብደዋል፣ ሸክላውንም እንደ ሳሙና ያሟልጨዋል። ያን ጊዜ ክምሩ መንገዱን እንደ ተሸከመ ቀስ እያለ ቁልቁል ይሄዳል። ሲሄድ በዓይን አይታይም፤ የሚያጋልጠው አስፋልቱ ነው። ስለዚህ አስፋልት በአስፋልት ላይ መደረብ ብቻውን አይበቃም፤ ውሃው መውጫ ቦይ ሊበጅለት ይገባል። የጃፓንና የአገራችን ባለሙያዎችም በዚህ ገደል መንሸራተት ላይ አብረው ጥናት አካሂደዋል።

ነገሩ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። የተጫነ ከባድ መኪና ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ልውረድ ቢል ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለም በኋላ አልይዝ ይላል። ሹፌሮች በከባድ ማርሽ እያዘገሙ የሚወርዱት ለዚህ ነው። እየተጠነቀቁም ሳለ ኩርባ ላይ የጎበጠ አስፋልት ቢገጥማቸው ምን ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ወደ ጎጃም የሚሄደው ማዳበሪያም ሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው እህል በዚሁ ያልፋል።

ታች በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው፣ በጳጉሜ 2000 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ አለ። ርዝመቱ 303 ሜትር ሲሆን በገመድ የተወጠረ ነው፤ አሮጌው ቅስት ድልድይም አጠገቡ ይታያል።

ከመካከላችን ገደላማ አገር የሚመደብ ቢኖር ይህን በቀላሉ ሊያስተምር ይችላል። ከመኪና መንገድ ራቅ ብሎ መሬቱ የተሰነጠቀበት ቦታ ይፈለግ። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ካስማ ተተክሎ በመካከላቸው ያለው ርቀት በማስመሪያ ይለካ። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ አንድ ጊዜ፣ መስከረም ሲከፈት ሌላ ጊዜ ነው፤ ቁጥሩን ተማሪዎቹ ራሳቸው በደብተራቸው ይጻፉት።