ቀላል ሆኖ የማይናወጥ፦ ለብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ የሚስማማ የካሜራ መቆሚያ አመራረጥ

መግቢያ

የግእዝ ሥነ ጽሑፍንና የቅርስ አያያዝን የሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለመስክ ሥራ ሲሰናዱ ስለ ካሜራውና ስለ ሌንሱ ብዙ ይመክራሉ። በተለምዶ ትራይፖድ የሚባለው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በተረፈ ገንዘብ፣ በመጨረሻ የሚገዛ ዕቃ ነው። የዚህ ቅደም ተከተል ጉዳት የሚታየው ዘግይቶ ነው። የብራና መጽሐፍ ከዕቃ ቤት የሚወጣው በገበዙ ፈቃድና ለተወሰነ ሰዓት ነው፤ ምስሉ ደብዝዞ መውጣቱ የሚታወቀው ግን ብዙ ጊዜ ተማሪው ከተማ ተመልሶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ እንዳሳየው፣ አንድ ጊዜ የተነሣ ቅጂ ለዐሥርት ዓመታት የተመራማሪዎች መነሻ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል።

በሌላ በኩል ብዙዎቹ ገዳማትና አድባራት የሚደረስባቸው በእግር ነው። ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣው በገመድ፣ ወደ አቡነ የማታ ጎሕ የሚወጣው ደግሞ ቋጥኝ በመቧጠጥ ነው። በእንዲህ ያለ ጉዞ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል። ስለዚህ መቆሚያው ሊቀል ይገባል፤ ጥያቄው ክብደቱ ከየትኛው ክፍሉ ላይ ይቀነስ የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ መልስ ክብደት ከቁመት ላይ እንጂ ከእግሮቹ ውፍረትና ካሜራው ከሚታሰርበት ራስ ላይ መቀነስ የለበትም የሚል ነው።

ችግሩ በቁጥር ሲገለጽ

በብርሃን በቀላሉ ለሚጎዱ ቅርሶች ቤተ መዘክሮች በተለምዶ የሚወስኑት የብርሃን መጠን 50 ሉክስ ነው። በዚህ ብርሃን፣ አይ ኤስ ኦ 100 እና የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 ሲሆን፣ ካሜራው 3 ሰከንድ ያህል ብርሃን መቀበል ይኖርበታል። ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በእጅ ተይዞ ጥርት ያለ ምስል የሚያነሣበት ጊዜ ግን በተለመደው ስሌት 1/50ኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ልዩነቱ 150 እጥፍ ይሆናል። አይ ኤስ ኦውን ወደ 3200 ማሳደግ ጊዜውን ወደ 1/10ኛ ሰከንድ ቢያሳጥረውም ለእጅ አሁንም ረጅም ነው፤ በዚያ ላይ በምስሉ የሚበተነው ነጠብጣብ የደበዘዘውን ቀለም ይሸፍነዋል።

የሚፈቀደው መናወጥም እጅግ ጥቂት ነው። 6000 በ4000 ነጥብ የሚመዘግብ ካሜራ 40 ሴንቲሜትር የሚረዝም ገጽ ሲያነሣ ለአንድ ሚሊሜትር 15 ነጥብ ይደርሳል። ካሜራው ከገጹ 1 ሜትር ርቆ ሳለ የአንድ ዲግሪ 3 መቶኛ ያህል ቢዘነብል ምስሉ በግማሽ ሚሊሜትር፣ ማለትም በ7 ወይም በ8 ነጥብ ይንሸራተታል። “ቡ”ን ከ“ቢ” የሚለየው የጎን ጭረቷ ያለችበት ቦታ ብቻ ነው። በድጓ መጻሕፍት ከንባቡ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው የዜማ ምልክት ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ነው። ስለዚህ ግማሽ ሚሊሜትር ንባቡን ባያጠፋ እንኳ ምልክቱን ሊያጠፋ ይችላል።

እግሮቹ

በመቆሚያዎች ማሸጊያ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የመሸከም አቅም ነው። ይህ ቁጥር መቆሚያው ከጭነቱ በታች እንደማይወድቅ እንጂ እንደማይወዛወዝ አያረጋግጥም፤ አምራቾች ሁሉ የሚለኩበት የጋራ መስፈርትም የለም። ጥንካሬና ግትርነት የተለያዩ ባሕርያት ናቸው። ሸምበቆ በነፋስ አይሰበርም፤ ይወዛወዛል እንጂ። ለፎቶግራፍ የሚያስፈልገው ግትርነት ነው።

ግድግዳው ስስ የሆነ ቱቦ መታጠፍን የሚቋቋምበት አቅም በዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢ መጠን ያድጋል። ቁሱና የግድግዳው ውፍረት እኩል ከሆነ፣ 28 ሚሊሜትር ቱቦ ከ22 ሚሊሜትር ቱቦ 2 እጥፍ ያህል ግትር ነው፤ ክብደቱ የሚጨምረው ግን ከሩብ ጥቂት በሚበልጥ መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ በእግሮቹ ውፍረት ላይ የሚገኘው የክብደት ቅናሽ ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር አይመጣጠንም።

የክፍሎቹ ብዛትም ልብ ሊባል ይገባል። እርስ በርስ የሚገቡት ቱቦዎች ወደ ታች በሄዱ ቁጥር ይቀጥናሉ፤ እያንዳንዱ መቆለፊያም ሊላላ የሚችል መገጣጠሚያ ነው። ባለ 3 ክፍል እግር ሲታጠፍ ባለ 5 ክፍሉን ያህል አያጥርም፤ ሲዘረጋ ግን የተሻለ ይረጋል።

ክብደት ያለ ጉዳት ሊቀነስ የሚችለው ከቁመት ላይ ነው። ብራና የሚነሣው በአጭር ጠረጴዛ ወይም በትራስ ላይ ተቀምጦ በመሆኑ፣ ከቆመ ሰው ዐይን የሚስተካከል መቆሚያ አያስፈልግም፤ ከ120 እስከ 130 ሴንቲሜትር በአብዛኛው ይበቃል። ቁሱን በተመለከተ የአሉሚኒየም እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.7 ግራም ሲሆን የካርቦን ፋይበር 1.6 ግራም አካባቢ ነው። ካርቦን ፋይበር ንዝረትን ቶሎ ያበርዳል፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ በድንጋይ ሲመታም ሊሰነጠቅ ይችላል። በጀቱ ጠባብ ለሆነ ተማሪ አጭርና ወፍራም አሉሚኒየም ከረጅምና ቀጭን ካርቦን ፋይበር ይመረጣል።

መካከለኛው ምሰሶ

ብዙ መቆሚያዎች ከፍታ የሚጨምር መካከለኛ ምሰሶ አላቸው። ምሰሶው በወጣ ቁጥር ባለ ሦስት እግሩ ወደ ባለ አንድ እግር ይቀርባል። በአንድ ዓይነት ግፊት የሚደርስበት መታጠፍ በርዝመቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ 10 ሴንቲሜትር የነበረው ምሰሶ 20 ሲሆን መታጠፉ 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ምሰሶ የሌለው መቆሚያ ይመረጣል፤ ካለውም ዝቅ ብሎ እንደተቆለፈ ይቆይ።

ራሱ

የካሜራው ፊት ከገጹ ጋር ትይዩ ካልሆነ የገጹ አንድ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ፊደላቱም ይጣመማሉ። በአንድ ቁልፍ በሁሉም አቅጣጫ የሚፈታው ባለ ኳስ ራስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አንዱን አቅጣጫ ሲያስተካክሉ ሌላው ሊዛባ ይችላል። ለየአቅጣጫው የተለየ እጀታ ያለው ራስ ለማስተካከል ይመቻል፤ በአንጻሩ ይከብዳል፤ እጀታዎቹም ለአያያዝ አይመቹም። በጥርስ የሚዞረው ራስ ከሁሉም የረቀቀ ማስተካከያ ቢኖረውም ለእግር ጉዞ ይከብዳል።

ውሳኔውን የሚያቀልለው የሥራው ጠባይ ነው። በብራና ሥራ ካሜራው መጀመሪያ በጥንቃቄ ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ የሚገለጠው ገጽ ነው። የማስተካከሉ ድካም በአብዛኛው መጀመሪያ ላይ ስለሚያበቃ፣ ኳሱ ትልቅ የሆነና ሲቆለፍ የማይንሸራተት ባለ ኳስ ራስ ለእግረኛ ተመራማሪ ይስማማል።

ወለሉና ጭነቱ

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምንጣፍ በተነጠፈበት ወለል ላይ ፎቶ አንሺው በተራመደ ቁጥር እግሮቹ ይሰምጣሉ። ከየእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ጣውላ ማድረግ ይረዳል። ቀላል መቆሚያ የሚጎድለው ክብደት በቦታው ሊሟላ ይችላል፤ ድንጋይ የሞላ ከረጢት ከእግሮቹ መካከል ይታሰራል፤ እንዳይወዛወዝም መሬት በጥቂቱ እንዲነካ ይደረጋል። ክብደት በየመንደሩ ይገኛል፤ ግትርነት ግን ከቤት ይዞት ካልሄዱ አይገኝም።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

መቆሚያው ሥራ ላይ በሚውልበት ቁመት ይዘረጋል፤ ካሜራውም ይታሰርበታል። ራሱ በእጅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ መላላት ሊሰማ አይገባም። ቀጥሎ የካሜራው መስተዋት ምስሉን 10 እጥፍ አጉልቶ እንዲያሳይ ተደርጎ አንዱ እግር በጣት መታ ይደረግና ምስሉ እስኪረጋ ያለው ጊዜ ይቆጠራል። ሁለት መቆሚያዎች ሲወዳደሩ ቶሎ የሚረጋው ይመረጣል። በመጨረሻም በሰከንድ ቆጣሪ፣ ካሜራው ሳይነካ፣ ደቃቅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት በ3 ሰከንድ 10 ጊዜ ይነሣል። ዐሥሩም ምስሎች እኩል ጥርት ብለው መውጣት አለባቸው።

ማጠቃለያ

ሦስት ወፍራም ክፍሎች ያሉት፣ ምሰሶ የሌለው፣ ከደረት የማያልፍና የማይላላ ባለ ኳስ ራስ የተገጠመለት መቆሚያ ክብደቱ ከነራሱ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ግራም ሊሆን ይችላል። ይህም በገመድ ለመጎተትም ሆነ በጀርባ ለመሸከም የሚቻል ነው። በጀት የሚያዘጋጁ ተማሪዎችና አማካሪዎቻቸው መቆሚያውን ከካሜራው እኩል ቢያስቡበት፣ መጽሐፉ በተገለጠባት በዚያች አጭር ሰዓት የሚነሣው ምስል ሊነበብ የሚችል ይሆናል።