የተቆለፈ መንጋጋ፣ የኦክስጅን እጥረት የማይችል ደም

ጤናማ አዋቂ አፉን በደንብ ሲከፍት በፊት ጥርሶቹ መካከል ሦስት ጣቶቹ ይገባሉ። ከጆሮ ፊት ያለው የመንጋጋ መገጣጠሚያ ከራስ ቅል ጋር ከተጣበቀ ግን አንድ ጣት እንኳ ላያልፍ ይችላል። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት የደረሰ አደጋ ወይም የጆሮ ኢንፌክሽን ነው። ሲክል ሴል ባለባቸው ሰዎች ላይ ሌላም መንገድ አለ፦ ማጭድ የመሰሉት ቀይ የደም ሴሎች ጥቃቅን የደም ሥሮችን ሲዘጉ አጥንቱ ደም አጥቶ ሊሞት፣ ሊመረቅዝም ይችላል።

ሲክል ሴል እጅግ በተስፋፋባት ናይጄሪያ በሽታውና የመንጋጋው መጣበቅ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ያን ጊዜ ፈተናው ቀዶ ሕክምናው ሳይጀመር ይመጣል። ለሰመመን የመተንፈሻ ቱቦ መግባት አለበት፤ አፍ ግን ዝግ ነው። ስለዚህ ሰመመን ሰጪው አፍንጫና ጉሮሮውን አደንዝዞ፣ በሽተኛው እንደነቃ፣ ካሜራ ባለው ተጣጣፊ መሣሪያ እየመራ ቱቦውን በአፍንጫ ያስገባል። በዚህ መሃል ኦክስጅን ቢወርድ በሕሙማኑ ቀይ ሴሎች ውስጥ ያለው የተለወጠ ሄሞግሎቢን (ሄሞግሎቢን ኤስ) እርስ በርሱ ተያይዞ ሴሉን ያጣምመዋል። ብርድና የፈሳሽ እጥረትም ያባብሱታል፤ ክፍሉ የሚሞቀው፣ ፈሳሽም ቀድሞ በደም ሥር የሚሰጠው ለዚህ ነው።

የደም ሐኪሙ ድርሻም ቀላል አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ደም ካልተሰጣቸው የሲክል ሴል ሕሙማን 39 በመቶዎቹ፣ ከተሰጣቸው ደግሞ 15 በመቶዎቹ ጉልህ ችግር ገጥሟቸዋል። ግቡ ሄሞግሎቢኑን በዴሲሊትር 10 ግራም አካባቢ ማድረስ ነው፤ ከዚያ ብዙ ካለፈ ደሙ ይወፍራል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የጎድን አጥንቱ ጉዳይ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የተጣበቀውን አጥንት ቆርጦ ካወጣ በኋላ፣ በተለይ በልጆች ላይ፣ ከጎድን አጥንት ጫፍ ከነካርቲሌጁ ወስዶ መገጣጠሚያውን ሊተካ ይችላል። ለመንጋጋው ጥሩ ምርጫ ነው። ነገር ግን ደረቱ ያመመው ልጅ በጥልቀት አይተነፍስም፤ ሳንባው በደንብ ካልተነፋ ደግሞ የሲክል ሴል ሕሙማንን የሚገድለው አጣዳፊ የሳንባ ቀውስ ሊከተል ይችላል። ሕመሙን ለማብረድ ሞርፊን ሲበዛም ትንፋሹ ይደክማል። የጎድን አጥንት የመውሰዱን ውሳኔ ቀዶ ሐኪሙ ብቻውን ሊወስነው አይገባም።

ቀዶ ሕክምናው ቢሳካም አፉ በየዕለቱ ለወራት ካልተለማመደ አጥንቱ ተመልሶ ሊገጥም ይችላል። ልምምዱ ያማል፣ ያለ በቂ ማስታገሻም ልጁ እሺ አይልም። ፊዚዮቴራፒስቱና ቤት ውስጥ የሚያለማምዱት ወላጆች ከመጀመሪያው ምክክር ጀምሮ መገኘት ያለባቸው ለዚህ ነው።