ማርሹን የማያይ ሪሞት

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ የሚሻገር ሰው፣ ነጂው ሞተር ሲያስነሳ እጁን ልብ ብሎ ቢያይ አንድ ነገር ያስተውላል። ገመዱን ከመሳቡ በፊት የማርሹን እጀታ ወደ መሐል ይመልሳል። ከጀልባ ኋላ የሚታሰሩት አብዛኞቹ ሞተሮች ማርሽ ከገባባቸው ገመዱ አይሳብም፤ በባትሪ የሚነሱትም ኤሌክትሪኩ ይቋረጥባቸዋል። መከላከያው የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ማርሽ ገብቶ ሞተሩ ቢነሳ ጀልባዋ ሳይታሰብ ትፈተለካለች፣ ቆሞ ገመድ የሚስበው ሰውም ሐይቅ ውስጥ ነው።

ማርሽ ገብቶ የመነሳት ጥያቄ ዳርቻው ላይ ለሚቆመው መኪናም ይመጣል። እንግዶች ከበትረ ማርያም ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ጫካ ውስጥ በእግራቸው ሲዘዋወሩ፣ ይዟቸው የመጣው ላንድ ክሩዘር ወይም አባዱላ ፀሐይ ላይ ይውላል። በመጋቢትና በሚያዝያ እንዲህ የዋለ መኪና በሩ ሲከፈት የሚወጣው ወበቅ ፊት ይለበልባል፤ ወንበሩም አያስቀምጥም። ሾፌሩ ጀልባዋ ስትቃረብ ከጥላ ሥር ሆኖ ሪሞት ቢጫን፣ መኪናው ተነስቶ ኤሲው ቢሠራ፣ እንግዶቹ ቀዝቀዝ ያለ መኪና ውስጥ ቢገቡ ማን ይጠላል? መሣሪያው አለ። አንዳንዱ የመኪና አላርም ከሪሞት ማስነሻ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድም በሻንጣው ይዞት ሊመጣ ይችላል።

የመሣሪያው ዋና ገበያ ብርድ ያለበት አገር ነው። ሚኒሶታ ወይም ካልጋሪ የሚኖር ወገናችን ጥር ላይ ከቤቱ ሳይወጣ መኪናውን ያስነሳል፤ ቁርሱን እስኪጨርስ የመስታወቱ በረዶ ይቀልጣል፣ መሪው ይሞቃል። ነገር ግን እዚያ መንገዱን የሞላው ኦቶማቲክ መኪና ነው። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ማርሹ ‹ፒ› ወይም ‹ኤን› ላይ ካልሆነ ሞተሪኖው እንዳይዞር የሚያደርግ ማብሪያና ማጥፊያ አብሮት ይሠራል። መሣሪያው ያንን አምኖ ያስነሳል። እኛ ዘንድ ግን ሚኒባሱም፣ አይሱዙውም፣ አሮጌው ኮሮላም በአብዛኛው ማንዋል ነው፤ ለሪሞቱ ማርሹ የት እንዳለ የሚነግረው የለም።

አደጋው ከመኪና ጋር አብሮ የተወለደ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ያመጣላቸውን መኪና ባዩበት ዘመን ሞተር የሚነሳው በማኖቬላ ነበር፤ አስነሺው ከመኪናው ፊት ቆሞ በእጁ ያዞራል። ማርሹ ፎሌ ላይ ካልሆነ መኪናው የሚመጣው ወደ እሱ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ ላይ ሲገጠም ሰውየው ከመኪናው ፊት ተነስቶ መሪው ጋ ተቀመጠ። እዚያ ሆኖ ማርሹን በእጁ ይነካል፣ ፍሪሲዮን ይረግጣል። ሪሞት ደግሞ ያንን ሰው መልሶ ከመኪናው አወጣው።

ሥራው ምን እንደሆነ ለማየት ከመሪው ሥር ያለውን ሽፋን መፍታት ይበቃል። ከቁልፍ ማዞሪያው ጀርባ ወፋፍራም ሽቦዎች ይወጣሉ። አንዱ ሁልጊዜ ከባትሪው ኤሌክትሪክ አለው። አንዱ ቁልፉ ሲከፈት ይበራና ሞተሪኖው ሲዞርም አይጠፋም፤ የሞተሩ ሕይወት እሱ ነው። ሌላው ሬዲዮና ማራገቢያውን ይመግባል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ለአፍታ ይቋረጣል፣ የባትሪው ጉልበት ሁሉ ወደ ሞተሪኖ እንዲሄድ። የመጨረሻው የሞተሪኖው የራሱ ነው፤ ቁልፉ እስከ ጫፍ በተጠመዘዘባት ቅጽበት ብቻ ኤሌክትሪክ ያገኛል። የመኪና ኤሌክትሪሻኑ ቴስተሩን ይዞ እያንዳንዱን ሽቦ ቁልፉን እያዞረ ይለያል፤ የሪሞቱን ሳጥን ሽቦዎች ከነዚህ ጋር ያገናኛል። ሳጥኑ በሪሌዎቹ አማካይነት የቁልፉን ሥራ በቅደም ተከተል ይደግማል። እዚህ ላይ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል የትም አያደርስም። በነዚህ ሽቦዎች የሚያልፈው ጉልበት ብዙ ነው፤ የላላ መገጣጠሚያ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል። በብየዳ መያያዝና የየራሱ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል።

ሳጥኑ ሞተሩ መነሳቱንም ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ሞተሪኖውን በተነሳ ሞተር ላይ እያዞረ ጥርሱን ይጨርሰዋል። ከሞተሩ ዙር ቢያነብ ጥሩ ነው። ያ ካልተቻለ ባትሪውን ይከታተላል፤ 12 ቮልት ገደማ የነበረው ዲናሞው መሥራት ሲጀምር ወደ 14 ይወጣል። ደካማ ባትሪ ይህን ንባብ ያሳስታል። ናፍጣ መኪና ከሆነ ደግሞ ማሞቂያ ካንዴላው እስኪግል ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ እንዲችል አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

እስከዚህ ያለው ለኦቶማቲክም ለማንዋልም አንድ ነው። ልዩነቱ ፍሪሲዮን ላይ ይመጣል። ብዙ አዳዲስ ማንዋል መኪኖች ፍሪሲዮን ካልተረገጠ አይነሱም፤ ከፔዳሉ በላይ ትንሽ ማብሪያ አለች። መኪናው ውስጥ ማንም በሌለበት ፔዳሉን የሚረግጥ ስለሌለ፣ ገጣሚው ሳጥኑ በሚያስነሳበት ጊዜ ያቺን ማብሪያ በሪሌ ያታልላታል። ፋብሪካው ያስቀመጠው መከላከያ በዚህ ይወገዳል ማለት ነው። በእኛ መንገድ ላይ ያሉ ብዙ አሮጌ መኪኖች ግን መጀመሪያውኑ ማብሪያዋ የላቸውም። ማርሽ ገብቶ ቁልፍ የጠመዘዘ ሾፌር ሁሉ መኪናው እንዴት እንደሚዘል ያውቃል። በነዚህ ላይ መግጠም ቀላል ነው፣ የሚታለል ነገር የለምና። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፦ ገጣሚው ባነሰ ድካም የሚጨርሰው መኪና በመንገድ ዳር ላለ ሰው ከሁሉ የከፋው ነው።

ታዲያ ማርሹን የማያይ ሳጥን ፎሌ መሆኑን በምን ያውቃል? መልሱ ብልሃት አለበት፤ ይህን መሣሪያ ማድነቅ የሚገባውም በዚህ ነው። ለማንዋል የተሠራ ሪሞት ሾፌሩ መኪናውን ሲያቆም የሚፈጽመው ሥርዓት አለው። ሞተሩ እየሠራ ማርሹን ፎሌ ላይ ያደርጋል፣ የእጅ ፍሬን ይስባል፣ በሪሞቱ ምልክት ይሰጣል፣ ከዚያ ቁልፉን ይነቅላል። ሞተሩ ግን አይጠፋም። ሾፌሩ ወርዶ በሮቹን ሁሉ ዘግቶ በሪሞት ሲቆልፍ ያኔ ሞተሩ በራሱ ይጠፋል።

ለምን እንዲህ እንደሆነ አስቡት። ሾፌሩ እግሩን ከፍሪሲዮን አንስቶ ከመኪናው ወርዷል፣ ሞተሩ ግን እየሠራ ነው። ማርሽ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ወይ ሞተሩ በጠፋ፣ ወይ መኪናው በሄደ ነበር። ሁለቱም ካልሆነ ማርሹ ያለ ጥርጥር ፎሌ ላይ ነው። ሳጥኑ ማርሹን ማየት ስላልቻለ ሾፌሩን አስመስክሮታል። በሩ ከተዘጋ በኋላ እጁን ወደ ማርሹ የሚሰድ ሰው የለም፤ ስለዚህ ምስክርነቱ እንደጸና ይቆያል። አንድ በር ቢከፈት፣ የእጅ ፍሬን ቢለቀቅ፣ ፍሬን ቢረገጥ ወይም ኮፈን ቢነሳ ግን ምስክርነቱ ይሰረዛል፤ ሥርዓቱ እንደገና ካልተፈጸመ ሪሞቱ ቢጫኑት አይሰማም።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ግን በበሮቹ ማብሪያዎች ላይ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ መኪና የትኛው በር ሲከፈት የውስጥ መብራት እንደሚበራ ባለቤቱ እንኳ ሁልጊዜ አያውቅም። አንዱ ዝጎ ሞቷል፣ የሌላው ሽቦ ተቆርጧል። የሚኒባሱ ተንሸራታች በር ማብሪያ ከሌለው፣ ረዳቱ በዚያ ገብቶ ማርሽ ቢያስገባ ሳጥኑ ምንም አልሰማም። መስኮት ክፍት ከሆነም ያው ነው፤ ውጭ የቆመ ልጅ እጁን ሰዶ ማርሹን ሊነካ ይችላል። አምራቾች ጣሪያው የሚገለጥ ማንዋል መኪና ላይ አትግጠሙ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። የእጅ ፍሬኑም እንደዚሁ ነው። ማብሪያው የሚናገረው ዘንጉ መሳቡን እንጂ ኬብሉ ጎማውን መያዙን አይደለም።

እዚህ ላይ ሪሞቱ ከልማዳችን ጋር ይጋጫል። ቁልቁለት ላይ ስናቆም አንደኛ ማርሽ አስገብተን፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርገን እንሄዳለን፤ የእጅ ፍሬንን ብቻ አምኖ የሚሄድ ጥቂት ነው። ሪሞቱ የሚፈልገው ደግሞ ፎሌና የእጅ ፍሬን ነው። ወደ ሐይቁ በሚያዘቀዝቅ ጠጠራማ ቦታ ላይ ለሪሞቱ ብሎ ማርሽ የሚያወጣ ሰው ተሳስቷል። እዚያ ሞተሩን በቁልፉ አጥፍቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ድንጋዩን አድርጎ መሄድ ነው የሚሻለው። በትክክል የተገጠመ ሪሞት ሥርዓቱ ስላልተፈጸመ የዚያን ቀን አያስነሳም፤ ወበቁን መቻል ነው።

ስለዚህ አስገጥሞ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ገጣሚው አጠገብ ቆሞ መፈተን ተገቢ ነው። ሥርዓቱን ፈጽሞ መቆለፍ፣ ከዚያ አንዱን በር ከፍቶ ዘግቶ ሪሞቱን መጫን። ከተነሳ ሥራው አላለቀም። እንደገና ሥርዓቱን ፈጽሞ ሁለተኛውን በር፣ ተንሸራታቹን፣ የኋላውን፣ ኮፈኑን፣ የእጅ ፍሬኑን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ። ሞተሩ በሪሞት ተነስቶ እያለ ፍሬን ሲረገጥ መጥፋት አለበት፤ ይህ የሌባም መከላከያ ነው። በመጨረሻም ፊት ለፊቱም ኋላውም ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ፣ መኪናውን በቁልፍ አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ወርዶ ከጎን ራቅ ብሎ መጫን። ዝም ካለ ደግ። ዘሎ ከተንቀሳቀሰ መሣሪያው ይነቀል፤ «ብቻ ማርሽ እንዳትረሳ» የሚል ገጣሚ ሥራውን አልሠራም። ባሕር ዳር ውስጥ የቆመ መኪና ፊት ባጃጅ ይቆማል፣ ሊስትሮ ይቀመጣል፣ ልጅ ይጫወታል። የሾፌር ማስታወስ ለነዚህ ሰዎች በቂ ዋስትና አይሆንም።

በራስ ገዝቶ ለመግጠም የሚያስብም አለ። ከመግዛቱ በፊት መሣሪያው ማንዋል መቀበሉን ማረጋገጥ አለበት፤ ለኦቶማቲክ ብቻ የተሠራውን በማንዋል ላይ አስገድዶ ማሠራት ከላይ ያልነውን ሥርዓት ሁሉ መዝለል ነው። ቁልፉ ኢሞቢላይዘር ያለው ከሆነ ሳጥኑ ቁልፉ እንዳለ አድርጎ መኪናውን ማሳመን ይኖርበታል። አንዳንዱ ገጣሚ ትርፉን ቁልፍ ዳሽቦርድ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ፋብሪካው ለስርቆት ያበጀውን መከላከያ ማዳከም መሆኑን ባለቤቱ አውቆ ይወስን። ቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ የቆመ መኪናንም በሪሞት ማስነሳት አይገባም፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድለው የሞተር ጭስም ይገድላል። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ያጠፋል፤ ለዚያ ጉዳት ግን ይህም ረጅም ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተሞቻችን እየበዛ ነው። በሱ ላይ ከስልክ ኤሲ ማብራት ቀላል ነው፤ የሚነሳ ሞተር፣ የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለም። ዶልፊን ሚኒባሱና አይሱዙው ግን ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ ሪሞቱም በነሱ ላይ መገጠሙ አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። መኪናውን ለመካኒክ ወይም ለላቫጆ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ሪሞቱን ያሰናክል፤ ብዙዎቹ ለዚህ የሚሆን መዝጊያ አላቸው፣ ገጣሚው የት እንደሸሸገው ያሳይ። የኮፈን ማብሪያው ከተበላሸ ወይም ካልተገጠመ፣ ቀበቶው አጠገብ እጁን ያስገባ ልጅ ሞተሩ ሲነሳ እጁን ለማውጣት ጊዜ የለውም። የሪሞቱን ቁልፍ ኪስ ውስጥ ይዞ ቡና ሊጠጣ የሄደው ባለቤትም ሳያስበው ሊጫነው ይችላል።