እሬት፦ መራራውና ለስላሳው

ልጇን ጡት ማስጣል የፈለገች እናት እሬት ፈልጋ የጡቷን ጫፍ ትቀባለች። ሕፃኑ አንዴ ቀምሶ ፊቱን ያዞራል። ብዙዎቻችን እሬትን የምናውቀው በዚህ ምሬቱ ነው። ዛሬ ግን ከእሬት ዝርያዎች አንዱ የሆነው አሎ ቬራ ጭማቂው በጠርሙስ ታሽጎ «ለጨጓራ፣ ለሆድ ድርቀት፣ ለአንጀት ፍቱን ነው» እየተባለ ይሸጣል። እውነት ፍቱን ነውን?

አላህ (ሱ.ወ) ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማውረዱን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። እሬትም በሐዲስ ተነስቷል። ዐረቦች «ሶቢር» ይሉታል፤ ትዕግሥት ከሚባለው «ሶብር» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ በኢሕራም ላይ ሳለ ዓይኑን የታመመ ሰው ዓይኑን በእሬት እንዲያክም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መምራታቸውን ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) አውርተዋል። ልብ እንበል! ይህ ከውጭ የሚደረግ ሕክምና ነው። ሐዲሱን ይዞ «ሱንና ነውና ጭማቂውን ጠጡት» ማለት እሳቸው ያላሉትን በስማቸው መጨመር ይሆናል።

በአንድ ቅጠል ሁለት ፈሳሽ

የአሎ ቬራ ቅጠል ሲቆረጥ ከልጣጩ ሥር ቢጫና መራራ ፈሳሽ ይወጣል። በውስጡ አሎይን የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ሆድን በኃይል ያስቀምጣል። አዘውትሮ የወሰደው ሰው ከሰውነቱ ውሃና ፖታሲየም ይሟጠጥበታል። ፖታሲየም ሲጎድል ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምትም ይዛባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎች ውስጥ ይህ ፈሳሽ እንዳይገባ ከልክሏል። በ2013 ይፋ በሆነ የአሜሪካ መንግሥት ጥናት ደግሞ፣ ያልተጣራ የሙሉ ቅጠል ጭማቂ ሁለት ዓመት በጠጡ አይጦች ትልቁ አንጀት ላይ ዕጢ ታይቷል።

ከመካከሉ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ሌላ ነው። ከ98 በመቶ በላይ ውሃ ሲሆን፣ ምሬቱም እምብዛም ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ የእንግሊዝ ሀገር ጥናት፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት ካለባቸው 44 ሕሙማን 30ዎቹ ይህን ዝልግልግ በቀን ሁለቴ 100 ሚሊ ሊትር ለ4 ሳምንት ጠጡ፤ 14ቱ ደግሞ መሳዩን። ከ30ዎቹ በ9ኙ፣ ከ14ቱ በአንዱ በሽታው ጋብ አለ። ተስፋ ይሰጣል፤ ግን 44 ሰው ጥቂት ነው። በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ሆዳቸው በየጊዜው በሚነፋና በሚታወክ ሰዎች ላይ ከመሳዩ የተሻለ ጥቅም አላገኘበትም።

ምን እናድርግ?

ከጓሮ ወይም ከገደል የቆረጣችሁትን እሬት ጨምቃችሁ አትጠጡ። በሀገራችን ከ40 በላይ የእሬት ዝርያ አለ፤ ጥናት የተደረገበት ግን አሎ ቬራ ነው።

ከሱቅ ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። በዘርፉ አምራቾች ዘንድ ለሚጠጣ ጭማቂ የተቀመጠው የአሎይን ልክ ከሚሊዮን 10 እጅ ያልበለጠ ነው። በእንክብል የመጣ ከሆነ ሽፋኑ የተሠራበት ጀላቲን ከምን እንስሳ እንደሆነ ጠይቁ።

ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት አይጠጡት። የስኳር፣ የልብ ወይም ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ሐኪም ሳያማክሩ አይንኩት። በረመዷን ለሱሑር ሆድ የሚያስቀምጥ ነገር የጠጣ ሰው ቀኑን በጥምና በድካም ይቸገራል።

ከሁሉ በላይ፣ ጭማቂው ከሐኪም ቤት እንዳያስቀራችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የጨጓራ ቁስለት የሚያስከትሉት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ባክቴሪያው በምርመራ ይታወቃል፤ ሐኪም በሚያዘው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ይድናል። ሰገራው የጠቆረ፣ ደም ያስመለሰ፣ ሳይፈልግ የከሳ ሰው ጭማቂ እየጠጣ ቀን የሚቆጥር ከሆነ፣ ያ ሶብር አይደለም፤ በአላህ አማና ላይ መዘናጋት ነው። አካላችን አማና ነውና።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።