«ቢጫ ሹራብ ያምርብሻል» ያላት ማን ነው?

ዛሬ የማጫውታችሁ የጎረቤት ጉድ አይደለም፤ የራሴው ቤት ጉድ ነው።

ታናሽ እህቴ አንድ ሐሙስ ማታ ከሥራ ስትመለስ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማለች። ሰልፉን ታውቁታላችሁ፤ እንኳን ቴሌግራም ሙሉ መጽሐፍ ያስነብባል። በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ። አራት ወር ሙሉ በቻት ስታወራው የከረመችው፣ በአካል ግን አንድም ቀን ያላየችው ልጅ ነው። መልእክቱ አጭር ነው፤ «ቢጫ ሹራብ ያምርብሻል።»

የዚያን ዕለት ፎቶ አልላከችለትም። የት እንዳለችም አልነገረችውም። ሹራቡ ግን እውነትም ቢጫ ነበር!

ዞር ብላ ሰልፉን አየች። ሁሉም አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል። የትኛው ነው? እህቴ ሰልፉን ጥላ በኮንትራት ታክሲ ቤት ገባች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ስልኩን ሰጠችኝና «እማዬ ትሙት፣ አድራሻዬን ነግሬው አላውቅም!» አለችኝ።

ልቆጣት ነበር። ግን የተቆጡት ሰው ይደብቃል እንጂ አይናገርም ብዬ ተውኩት። ይልቅ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁና የአራት ወሩን ወሬ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርን። ወረቀቱን ለሁለት ከፈልኩት። በግራ በኩል እሱ ስለ እሷ የሚያውቀውን፣ በቀኝ በኩል እሷ ስለ እሱ የምታውቀውን እንጽፋለን።

እውነቷን ነው፤ አድራሻዋን የትም አልጻፈችም። ግን የካቲት 16 ቀን «ዛሬ ሰፈራችን የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነው፣ መንገዱ ተዘግቷል» ብላዋለች። ሌላ ቀን «የመገናኛ ሰልፍ ገደለኝ»፤ ሌላ ቀን «11፡30 ላይ ነው የምወጣው»። ከመሥሪያ ቤቷ ጎን ካለው ካፌ የማኪያቶ ፎቶ ልካለታለች፤ ስኒው ላይ የካፌው ስም ተጽፏል። እኔም ሳልጠራ ገብቼበታለሁ፤ «ወንድሜ ሲጽፍ ያመሻል፣ ቤት ብቻዬን ነኝ» የሚል አገኘሁ።

ከሁሉ የገረመኝ የካርዱ ነገር ነው። «ካርድ አልቆብሻል መሰለኝ፤ ቁጥርሽን ስጪኝ፣ የ100 ብር ልሙላልሽ» ይላታል። ደግነት ይመስላል፣ አይደል? ሰጠችው። ዛሬ ግን ስልክ ቁጥር፣ ቁጥር ብቻ አይደለም። በሞባይል ገንዘብ ሲላክ ላኪው እንዳይሳሳት ተብሎ የባለቤቱ ስም ብቅ ሊል ይችላል። ልጁ በማግስቱ በአባቷ ስም ጠርቶ ሲቀልድባት፣ እሷ «እንዴት አወቅክ?» ብላ ሳቀች እንጂ አልደነገጠችም።

የግራው ዓምድ ሞልቶ ወረቀቱ ጀርባ ዞረ። የቀኙስ? አንድ የቁልምጫ ስም፣ «ነጋዴ ነኝ» የምትል ቃል፣ ከየትም ሊወሰድ የሚችል የመኪና ፎቶ። በቃ! ልጁ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ማስደነቁ ይሆናል። ነገር ግን እሱ በሺህ ሰው መሐል ይለያታል፣ እሷ ግን አጠገቧ ቢቆምም አታውቀውም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እያንዳንዷ ወሬ ብቻዋን ምንም አይደለችም፤ ተገምዳ ነው እህቴን ያሰረቻት። ስለዚህ «ይሄ ምስጢር ነው ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ትናንት ካልኩት ጋር ሲገጣጠም ምን ይወጣዋል?» በሉ።

ቻት ተዉ አልልም፤ እኔም አልተውኩም። ግን ቁጥራችሁን ያዙ። ቴሌግራም ላይ ለማውራት ዩዘርኔም ይበቃል። ሴቲንግ ገብታችሁ ፕራይቬሲ በሚለው ውስጥ፣ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያየው «ኖባዲ»፣ በቁጥራችሁ ማን እንደሚያገኛችሁ ደግሞ «ማይ ኮንታክትስ» አድርጉት። ፎቶ ከመላካችሁ በፊት ፊታችሁን ብቻ ሳይሆን ከጀርባ ያለውን ታፔላና አንገታችሁ ላይ ያለውን ባጅ እዩ። «እዚህ ነኝ» ከማለት «እዚያ ነበርኩ» ማለት ይሻላል። በስልካችሁ የመጣ የመግቢያ ኮድ የሚጠይቃችሁን፣ ወዳጅ ቢመስልም፣ እምቢ በሉ። የላካችሁትን ከሁለታችሁም ስልክ ብታጠፉት እንኳ እሱ ቀድሞ ስክሪንሹት ካነሳው አልጠፋም።

ነገሩ ወደ ማስፈራራት ከሄደ ደግሞ በንዴት አታጥፉት፤ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ስክሪንሹት አንሱ፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ወደ ፖሊስ ሂዱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በመልእክት ሰውን ማስፈራራትን በወንጀል ይቀጣል።

ወንዶች፣ የሴቶች ጣጣ ነው ብላችሁ አትሳቁ። እህቴ ከተኛች በኋላ የራሴን ቻት ከፍቼ ሌላ ወረቀት ለሁለት ከፈልኩ። ፊቷን አይቻት ለማላውቅ ልጅ ደመወዝ የምቀበልበትን ቀን፣ የቤት ኪራዬን፣ ቁልፍ የማስቀምጥበትን ቦታ ሳይቀር ነግሬያታለሁ። የቁልፉን ቦታ በዚያው ሌሊት ቀየርኩ።

እህቴ ስክሪንሹቱን አስቀምጣ፣ ልጁን ብሎክ አድርጋዋለች። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ መገናኛ ድረስ እየሄድኩ አመጣኋት። አሁን ብቻዋን ትመጣለች። ቢጫውን ሹራብ ግን እስከ ዛሬ አልለበሰችውም።

እናንተም ዛሬ ማታ ወረቀታችሁን ለሁለት ክፈሉና እዩት። ቸር ሰንብቱ!