በሜዳ የሚሰጥ ትምህርት፤ ጥቅሙና መሰናክሉ

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ ሦስት ከተሞች በወንዝ ተከፋፍለው ይገኛሉ፤ እነርሱም ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ ናቸው። ባሕሪ በጥቁር ዓባይ ሰሜናዊ ዳር ያለችው ናት። የዚህች ከተማ ሕፃን ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ግብፅ እንደሚወርድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተስሎለት ይማራል። ወንዙ ራሱ ግን ቅርቡ ነው። ታዲያ ልጁን ከዳሩ አቁሞ ደለሉን በመዳፉ ማስነካት ከሥዕሉ ይልቅ አያስተምረውምን? «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላሉ አባቶቻችን። ከኢትዮጵያ ተራሮች ታጥቦ ለብዙ ዘመን የወረደው አፈር በባሕሪ ዳርቻ አትክልት ሲያበቅል ያየ ልጅ፣ የአፈርን መሸርሸር፣ የእርሻን ሥራና የጎረቤት አገሮችን መተሳሰር በአንድ ጥዋት ይረዳል።

ይህ አሳብ ለሱዳን አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም. በነጭ ዓባይ አጠገብ፣ በዱዌም ከተማ አቅራቢያ፣ ባኽት ኤር ሩዳ የሚባል የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋቋመ። መሪው እንግሊዛዊው ግሪፊትስ ነበር። በዚያ የሠለጠኑ መምህራን ከመጻሕፍት ጋራ የአትክልትና የእጅ ሥራም ይማሩ ነበር። በዚያው የተዘጋጀው የጂኦግራፊ ትምህርትም ሕፃናቱን በአሳብ ከመንደር ወደ መንደር እየመራ፣ የሱዳን ሕዝብ በየአገሩ ኑሮውን እንዴት እንደሚያሸንፍ ያሳያቸው ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ ዓብደል ራሕማን ዓሊ ጣሃ ኋላ የሱዳን የመጀመሪያ የትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል።

ሆኖም መሰናክሉ ብዙ ነው። የመጀመሪያው በሰው አስተያየት ውስጥ ያለው ነው። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መቈፈሪያ የሚሰጠው ለአጥፊ ተማሪ ነበር፤ ስለዚህ አፈርን ከቅጣት ለይተን ለማየት ብዙ ዓመት ፈጀብን። ወላጅም ልጁ ደብተር ሳይዝ ሲወጣ ቢያይ ቀኑ በጨዋታ የባከነ ይመስለዋል፤ መምህሩም ፈተናውን እያሰበ ከክፍሉ አይወጣም።

ሁለተኛው የአየሩ ጠባይ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበልም ቀኑን ያጨልመዋል። ሦስተኛው ወንዙ ራሱ ነው፤ በክረምት ሲሞላ ዋና የማያውቀውን ቀርቶ የሚያውቀውንም ይወስዳል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ያመጣው ነው። ባሕሪ ክፉኛ ተጐዳች፤ ብዙ ቤተሰብ ተሰደደ፤ ትምህርትም ተቋረጠ። ተኩስ ከራቀም በኋላ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ በፍርስራሽ ሥር ይቀራል። ሕፃን ደግሞ የሚያብረቀርቅ ብረት ሲያይ ማንሣቱ አይቀርም። እንግዲህ በዚያ ስፍራ የመጀመሪያው የሜዳ ትምህርት የማይነካውን ነገር ለይቶ ማወቅ፣ ከሩቅ ቆሞ ለትልቅ ሰው መናገር ሊሆን ግድ ነው። በባለሙያ ያልተመረመረ ሜዳ ላይ ተማሪ ሊወጣ አይገባም።

ነገር ግን አደጋ አለ ብሎ ልጅን ለዘለዓለም በአራት ግድግዳ ውስጥ ማኖር መፍትሔ አይሆንም። ግቢው ከተጣራ በኋላ ጥቂት የኒም ዛፍ ይተከልበት፤ ኒም በካርቱም ምድር የታወቀ ባለ ጥላ ዛፍ ነው። ትምህርቱ ፀሐይ ሳትከር፣ በጥዋት አንድ ሰዓት ያህል ይሰጥ። ወደ ወንዝ ሲኬድ ውኃው በጐደለበት ወራት፣ ወላጆችም ተጨምረው ይሁን። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያሻም።

የባሕሪን ነገር ያነሣነው የእኛም ነገር ስለ ሆነ ነው። ጦርነትና ስደት ያያቸው ሕፃናት በእኛም አገር አሉ። ምድርን መፍራት የተማረ ልጅ፣ ምድርን መውደድ የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገዋል። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ እጁን አፈር ነክቶት ሲመለስ ከመቈጣታችሁ በፊት ምን እንዳየ ጠይቁት።