ሰምና ሞራ በቨርጂኒያ ሙቀት

በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘው ወደ ጥገና ቤቴ የሚመጡ ሰዎች ስለ ዒላማቸው ያወሩኛል፤ እኔ የምጠይቃቸው ስለ ቅባታቸው ነው። እዚህ ቨርጂኒያ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው ብዙ ነው። ዊንቸስተር አጠገብ የውድድር ሜዳ አላቸው፤ አዳኞችም ለእነዚህ ጠመንጃዎች ብቻ የተለየ ወቅት ተፈቅዶላቸዋል። ቅባቱን አብዛኞቹ ቤታቸው ያዘጋጁታል፦ የንብ ሰም፣ የበግ ወይም የበሬ ሞራ፣ አንዳንዴም የወይራ ዘይት። ሁሉም በራሱ አሠራር ይምላል፣ የሌላውን ያጣጥላል። ስለ በርበሬ ድለዛ የሚከራከሩ እናቶችን ያየ ሰው አይገርመውም።

ብዙዎቹ ቅባት እርሳሱን ለማንሸራተት ብቻ የሚቀባ ይመስላቸዋል። ዋናው ሥራው ግን ከጥቀርሻ ጋር ነው። ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ አይሆንም፤ ከፊሉ በዚያ ነጭ ጢስ ይወጣል፣ የቀረው ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ጥቀርሻው ከደረቀ ጥቂት እንደተተኮሰ ጥይቱን የሚገፉበት ዘንግ አልሄድ ይላል። ተኳሹ ይገፋል፣ ይደበድባል፣ መጨረሻ ላይ ይሰለችና መንገድ ላይ የቀረውን ጥይት እንዲሁ ይተኩሰዋል። እኔ ዘንድ የሚያመጣቸው ይህ ነው። በባሩዱና በጥይቱ መካከል ክፍተት ካለ ግፊቱ ቱቦውን ዙሪያውን ሊያሳብጠው ይችላል፤ ክፉ ቀን ከሆነም ይፈነዳል። ያበጠ ቱቦ ይዞ “ትንሽ ብታቃናልኝ” የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አይቃናም፤ ይቀየራል። ስለዚህ ቅባቱን ለሚያሞግስልኝ ሰው ጥያቄዬ አንድ ነው፦ አሥረኛው ጥይት እንደ መጀመሪያው ይወርዳል ወይ?

የመኪና ግራሶ የሚቀቡ አሉ። ከባሩድ ጋር ሲቃጠል ሬንጅ ይሆናል፤ ስፋቀው የምውለው እኔ ነኝ። ጨው የገባበት ቅቤም ዝገት ይጠራል።

ከዚያ የአየሩ ነገር አለ። ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ሞራ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይለቃል። በሐምሌ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ሞራ የበዛበት ቅባት ቀልጦ ወደ ባሩዱ ይፈስሳል፣ ጠመንጃውም ይከሽፋል። ብርድ ሲመጣ ደግሞ ሰም የበዛበቱ ይደድራል። የሰሜን ሰው አሠራር ለደቡብ ሰው የማይሆነው ለዚህ ነው።

እንግሊዞች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። የ1853ቱን የኤንፊልድ ጠመንጃ ቅባት የህንድን ሙቀት ይችል እንደሆነ ለማየት ጥይቱን ወደዚያው ልከው ፈትነውታል። ያልፈተኑት የሰውን ልብ ነው። ለእነሱ የሚያገለግለው ህንዳዊ ወታደር የጥይቱን ወረቀት በጥርሱ መቅደድ ነበረበት፤ ቅባቱ የላምና የአሳማ ሞራ አለበት ተብሎ ሲወራ ሂንዱውም እስላሙም ዘገነነው። በ1857 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ “የምትመርጡትን ራሳችሁ ቀቡ” ተብሎ ተፈቀደ፤ ግን ወሬው ቀድሞ ሄዷል። በሚያዝያ ሚሩት በተባለችው የህንድ ከተማ 85 ፈረሰኞች ጥይቱን አንቀበልም አሉ፤ ከ16 ቀን በኋላ ከተማዋ በአመጽ ነደደች። ለአመጹ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው። ሆኖም የቅባቱ ነገር ከሙያዬ ጋር ስለሚገናኝ ነው መሰለኝ ከአእምሮዬ አይጠፋም፤ ለአየሩ የተጨነቀ ባለሙያ ቅባቱ የማን አፍ ውስጥ እንደሚገባ አልጠየቀም። (አያቶቻችን ሰናድር የሚሉት ጠመንጃ የዚሁ ኤንፊልድ ልጅ ነው፤ ከኋላው እንዲጎርስ ተለውጦ በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ደርሷል።)

እኔም አሠራሩን ጻፍልኝ ለሚለኝ ደንበኛ መጀመሪያ የት፣ በየትኛው ወር እንደሚተኩስ እጠይቀዋለሁ። ለሙቀት ሰሙን አበዛለሁ፣ ለብርድ ሞራውን። ክብ እርሳስ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያጎርስና ዒላማ ላይ ቆሞ ወዲያው የሚተኩስ ሰው ጨርቁን በምራቁ ማርጠብ ይበቃዋል፤ አጉርሶ የሚያሳድር ከሆነ ግን ምራቅ ቱቦውን ያዝገዋል። ማቅለጫው ዕቃ ሁልጊዜ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ይቀመጥ፤ ሰም በቀጥታ እሳት ላይ ሊያያዝ ይችላል። ባሩዱም ከዚያ ቤት ይውጣ። የቅባቱ ማማር ግን ከማጠብ አያድንም፤ ቱቦውን ማታውኑ በሙቅ ውሃና በሳሙና ያላጠበ ሰው በሳምንቱ ዝገት ይዞ ይመጣል፣ የዚያ ዋጋ ደግሞ ሌላ ነው።